የእምዬ ቤት የትኛው ሙዚየም ውስጥ ነው?



ባለፈው ቅዳሜ እናቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ከጋርላንድ ወደ ፎርት ወርዝ ሄድኩ። እናቴ ከኢትዮጵያ ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። እስካሁን ያሳየናት ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፦ ትልቅ መንገድ፣ ትልቅ ሱቅ፣ ትልቅ ፎቅ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ትልቅ ነገር ልታሳየኝ ነው?» አለችኝ መኪና ውስጥ።

«ዛሬስ ትንሽና አሮጌ ነገር ነው» አልኳት።

«ተመስገን!» አለች።

ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ሳቀች። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አትችልም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ እኔ አለሁ። እኔ ከሌለሁ ይሳሳቃሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ይህን ዝምታ የምታውቁት ይመስለኛል።

የሄድንበት ቦታ ሎግ ካቢን ቪሌጅ ይባላል። በአማርኛ «የግንድ ቤቶች መንደር» ብንለው ያስኬዳል። ግንድ ማለት የዛፍ ወፍራሙ ክፍል ነው፤ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከግንድ ነው። የመንደሩ ቤቶች ግንድ በግንድ ላይ እየተጋደመ የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። መጀመሪያ የተሠሩት ግን እዚህ ቦታ ላይ አይደለም። በ1950ዎቹ የቴክሳስ ታሪክ ወዳዶች ሊፈርሱ የደረሱ ቤቶችን ከየነበሩበት ነቅለው አምጥተው እዚህ ተከሏቸው። መንደሩ በ1966 ለጎብኚ ተከፈተ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የፎርት ወርዝ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ሙዚየም ራሱ ጣራ የለውም። ሜዳ ላይ ነው። በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ ዕቃ ከማየት ይልቅ ቤቱ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ምድጃውን፣ አልጋውን፣ መሶብ የሚመስለውን ቅርጫት በየቦታው ታያላችሁ።

እናቴ የመጀመሪያው ቤት ጋ እንደደረስን ግድግዳውን በእጇ ዳበሰችው። ግንዶቹ ጫፍና ጫፋቸው ተቦርቡሮ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። በግንድና በግንድ መካከል ግን ክፍተት አለ። ያ ክፍተት ነፋስ እንዳያስገባ በጥንት ጊዜ በእንጨት ስንጥርና በጭቃ ይደፈን ነበር።

«እነሱም ይመርጋሉ ለካ!» አለች።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ይመርጋሉ» ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም። መመረግ ማለት ግድግዳን በጭቃ መሸፈን፣ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ሥራው ምርጊት ይባላል። ይህን በቀላሉ አስረዳኋት። የሚቀጥለው ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም።

በሌላ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት የሙዚየሙ ሠራተኛ የድሮ ቀሚስ ለብሳ ጥጥ ትፈትል ነበር። እናቴ ቆማ አየቻት። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሴትየዋ ገባትና ትንሽ ጥጥ ሰጠቻት። እናቴ ጥጡን በጣቶቿ ሳብ፣ ጠምዘዝ፣ ሳብ፣ ጠምዘዝ አደረገችው። ቀጭን ክር ወጣ። መሽከርከሪያ የለ፣ ምን የለ! ሴትየዋ በጣም ተደስታ ልጄን ጠየቀቻት፦ አያትሽ ይህን በአገሯ ምን ትለዋለች?

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወደ እናቴ ዞርኩ።

«ፈትል ነዋ!» አለች እናቴ። «ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል። ከዚያ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ «እንዝርት» የሚለውን አውቅ ነበር። «ባዘቶ» የሚለውን ግን ስሰማው ነው ያስታወስኩት፤ ከአፌ አይወጣም ነበር። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ልጄ አማርኛ አነሳት እያልኩ ስጨነቅ የራሴም አማርኛ ጓዳው ባዶ እንደሆነ እዚያ በረንዳ ላይ ገባኝ።

ምሳችንን ዛፍ ሥር ተቀምጠን በላን። ልጄ ቤቶቹ እንዴት እንደተጓጓዙ ጠየቀችኝ። የግንድ ቤት ለመንቀል ይመቻል። እያንዳንዱ ግንድ ቁጥር ይሰጠዋል፦ የሰሜን ግድግዳ 1፣ የሰሜን ግድግዳ 2፣ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ አንድ በአንድ ይወርዳል፣ በመኪና ይጫናል፣ በአዲሱ ቦታ በቁጥሩ ተራ ይደረደራል። ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ስለሆነ ይህ ዘዴ ደስ ይለኛል። ቁጥሩ ካልጠፋ ቤቱ አይጠፋም።

ልጄ ትንሽ አሰበችና በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ለእናቴ ተረጎምኩላት፦ «የእምዬ ቤትስ የትኛው ሙዚየም ውስጥ ነው? ትላለች።»

እናቴ ሳቀች። «የኔማ ፈርሷል ልጄ» አለች።

እናቴ የተወለደችው ጎጃም ውስጥ፣ ቢቸና አካባቢ ነው። የአባቷ ቤት ክብ ጎጆ ነበር። መሃሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ጣራውን የሚሸከም ትልቅ እንጨት ነው። ዙሪያውን ቋሚዎች ይተከላሉ። በቋሚዎቹ ላይ ማገር አግድም ይታሰራል፤ ማገር ቀጫጭን እንጨት ነው። ማሰሪያው ሚስማር ሳይሆን ልጥ ነው። ልጥ ከዛፍ ቅርፊት የሚላጥ ገመድ ነው። ከዚያ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፣ ትንሽ ቀን ይሰነብታል፣ ግድግዳው ይመረጋል። ጣራው ሣር ይከደናል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ጎረቤት ተጠርቶ በደቦ ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ጠላና ምግብ ያቀርባል። ነገ ደግሞ እሱ በተራው ለሌላው ይሠራል።

«አሁን ወንድሜ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶበታል» አለች። «እሰይ የኔ ወንድም! ሣሩ ያፈስ ነበር እኮ። ክረምት ሲመጣ እናቴ ሌሊት እየተነሳች በሚያፈሰው ሥር ድስት ታስቀምጥ ነበር። ጭሱስ ብትል! ዓይን ያጠፋል።»

እኔ ልታዝን ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቆርቆሮውን ትወደዋለች። አሮጌ ቤት የሚናፍቀው ብዙ ጊዜ በዝናብ ሌሊት ያልተኛበት ሰው ነው።

ያም ሆኖ የልጄ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለመሆኑ እንደ እናቴ ያለ ቤት ሙዚየም ሊገባ ይችላል?

የገበሬ ቤቶችን ሰብስቦ የማቆምን ሐሳብ ዓለም ያወቀው ከስዊድን ነው። በ1891፣ ከዓድዋ ድል 5 ዓመት በፊት፣ አርቱር ሃዘሊየስ የሚባል ሰው ስቶክሆልም ውስጥ ስካንሰን የተባለውን ሙዚየም ከፈተ። በዚያን ጊዜ ፋብሪካ እየበዛ፣ የገጠሩም ኑሮ እየተለወጠ ነበር። ሃዘሊየስ የድሮው ቤትና የእጅ ሥራ እንዳይጠፋ ሰጋ። ከተለያዩ የስዊድን ክፍሎች ቤቶችን አስመጥቶ አቆመ። የሙዚየሙ ስም በሌሎች አገሮችም የዚህ ዓይነት ሙዚየም መጠሪያ ሆነ። ሃንጋሪዎች እስከ ዛሬ «ስካንዘን» ይላሉ።

የሃንጋሪውን አይቼዋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ቡዳፔስት ስማር አንድ እሁድ ከከተማዋ በስተሰሜን ወደምትገኘው ሴንትእንድሬ ሄድኩ። እዚያ በ1967 የተመሠረተ ትልቅ ስካንዘን አለ። የየአካባቢው ቤቶች እንደየመንደራቸው ተከፍለው ቆመዋል። አንዱ ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ትራስ ተቆልሎ፣ ተቆልሎ ወደ ጣራው ይደርሳል። ክፍሉ «ንጹሕ ክፍል» ይባላል። ቤተሰቡ አይኖርበትም፤ ለእንግዳና ለትልቅ ቀን የተጠበቀ ነው። የእናቴ ሳሎን ትዝ አለኝ። እኛም ቤት ጥሩው ብርጭቆ ለእንግዳ ብቻ ነበር የሚወጣው።

ግን የበለጠ የገረመኝ ግድግዳው ነው። ከሃንጋሪ የገበሬ ቤቶች ብዙዎቹ ግድግዳቸው ጭቃ ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ነው የሚሠሩት፤ ልክ እንደ እኛ። ጭቃ ደግሞ አይነቀልም። ቁጥር ጽፈን አንጭነውም። ስለዚህ በሩንና የጣራውን እንጨት ማምጣት ይቻላል፤ ግድግዳው ግን በድሮው ዘዴ እንደ አዲስ ይሠራል። ለዚህ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት አይበቃም። ጭቃው ስንት ቀን እንደሚሰነብት፣ ጭዱ ምን ያህል እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

የእናቴም ቤት እንዲሁ ነው። ቤቱ ራሱ ሲኖርም በየጊዜው ይታደስ ነበር። ሣሩ ሲያረጅ ይለወጣል፣ ጭቃው ሲሰነጠቅ እንደገና ይመረጋል። ቤቱን ያቆየው እንጨቱ ብቻ አልነበረም። የሚያውቁት ሰዎችና ለእያንዳንዱ ነገር የነበራቸው ስም ነው። «ማገር አቀብለኝ» የሚል ሰውና ማገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሌሉ ቤቱ አይሠራም።

«በእኛ አገር ቤት ተነቅሎ አይሄድም» አለች እናቴ ይህን ስነግራት።

«የሚሄድም አለ» አልኳት።

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ደጋ፣ ዶርዜዎች ከቀርከሃ ረጅም ቤት ይሠራሉ። ቀርከሃው እንደ ቅርጫት ይጠለፋል። ቤቱ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከፊት ለፊት ሲታይ የዝሆን ፊት ይመስላል። ከጊዜ በኋላ ምስጥ ከታች ይበላዋል። በዚያን ጊዜ የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱም እያጠረ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ቦታ መለወጥ ካስፈለገ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ይሸከመዋል።

«ቤቱን? እንደ ቃሬዛ?» አለች እናቴ። ቃሬዛ በሽተኛ የሚሸከሙበት አልጋ ነው። ልጄ ቤት እግር አውጥቶ ሲሄድ ታይቷት ነው መሰለኝ በሳቅ ፈረሰች።

የኢትዮጵያ ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። በላሊበላ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ ሆነው ባለ ሁለት ፎቅ የሆኑ የላስታ ቤቶች አሉ። በሐረር ጌ ጋር የሚባለው ቤት ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጣል። ኮንሶዎች መንደራቸውን በድንጋይ ካብ ያጥራሉ። የሐረር ጀጎል በ2006፣ የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። እነዚህ ከየትም አልተነቀሉም፤ ሰው አሁንም ይኖርባቸዋል።

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት የመጨረሻውን ቤት አየን። የአይዛክ ፓርከር ቤት ነው። የተሠራው በ1848 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 7 ዓመት በፊት ማለት ነው። ይህ ቤት ታሪክ አለው።

አይዛክ ፓርከር ሲንቲያ አን የምትባል የወንድም ልጅ ነበረችው። በ1836፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ የኮማንቺ ጦረኞች ማርከው ወሰዷት። ኮማንቺዎች የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ናቸው። ከእነሱ ጋር 24 ዓመት ኖረች። ቋንቋቸውን ለመደች፣ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች። በ1860 የቴክሳስ ሬንጀሮች ከትንሿ ሴት ልጇ ጋር ያዟትና ወደ ዘመዶቿ መለሷት። እንግሊዝኛ ረስታ ነበር። አጎቷ አይዛክ መጥቶ ስሟን ሲጠራ ግን ያ ስም የእሷ መሆኑን አወቀች ይባላል። ከዚያ ይዟት ወደዚህ ቤት መጣ። እሷ ግን ወደ ኮማንቺ ልጆቿ ለመመለስ ደጋግማ ሞከረች። አልቻለችም። ትንሿ ልጇም ሞተችባት። ልጇ ኳና በኋላ የኮማንቺዎች ታላቅ መሪ ሆነ፤ የእናቱን ቤተሰብ ስም ይዞ ኳና ፓርከር ተባለ።

ይህን በሩ ላይ ቆሜ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ወደ ጨለማው ክፍል፣ ወደ ምድጃው ተመለከተች።

«ታዲያ እዚህ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ታወራ ነበር?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ቤቱ ጠንካራ ነው። ግንዱ ሁሉ በቦታው አለ። ዘመዶቿም ሥጋዋ ናቸው። ግን እሷ የምትናገረውን የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ታሪኩ ከእኛ ጋር አንድ አይደለም። ልጄን ማንም አልማረካትም፤ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ እየሳቀች የምታድግ ልጅ ናት። ግን እናቴ ሁለት ወር ሙሉ በእኔ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ስታወራ እንደዋለች ራሴን ጠየቅኩ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ሰላም እምዬ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ነግሬያችኋለሁ።

መኪና ውስጥ ሁላችንም ዝም አልን። አርሊንግተን ስንደርስ ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ።

«እምዬ... ያ... እንጨት፣ መሃል ያለው... ስሙ ምንድን ነው?»

በአማርኛ ነበር።

«ምሰሶ» አለች እናቴ።

«ምሰሶ። ጣራው ላይ ያለውስ?»

«ጫፉ ላይ ያለው? ጉልላት።»

እኔ አፌን ዘግቼ ነዳሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላቸው አላስፈለግኩም።

ማታ ልጄ ወረቀት አወጣች። እናቴ እየነገረቻት ጎጆውን ሳለችው። ምሰሶውን ጠማማ አደረገችው፤ በሩን ረሳችውና በኋላ ጨመረችው። በእያንዳንዱ ነገር ላይ ቀስት አድርጋ ስሙን ጻፈች። «ማገር»ን «መገር» ብላ ጻፈችው። አላረምኳትም፤ እናቴ ናት ያረመቻት። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጬ «ወጋግራ» የሚለውን ቃል ተማርኩ። ጣራውን ደግፎ የሚይዝ እንጨት ነው። አሁን ሥዕሉ የማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ልጄ ያልገባትን ቃል ስትሰማ አሁንም ወደ እንግሊዝኛ ትመለሳለች። አንድ ቅዳሜ ሁሉን አይለውጥም። ግን ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «እምዬ፣ ቤታችሁ ውስጥ ላም ትገባ ነበር?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ረጅም ነበር። ትገባ ነበር።

የሳምንቱ ቃላት

ምሰሶ፦ መሃል ቆሞ ጣራ የሚሸከም እንጨት። ቤተሰቡን የሚደግፍ ሰውም «የቤቱ ምሰሶ» ይባላል።

ጎጆ፦ ትንሽ የሣር ቤት። «ጎጆ ወጣ» ሲባል አግብቶ የራሱን ኑሮ ጀመረ ማለት ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቢገዛም!

ጉልቻ፦ ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ዋናው ነገር ካልተለወጠ የላይ የላዩን መለወጥ ዋጋ የለውም ማለት ነው።

ቆጥ፦ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የተሠራ የዕቃ ወይም የዶሮ ማደሪያ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ሌላ ስትፈልግ የያዘችውን ላጣች ነው።

ደቦ፦ ጎረቤት ተሰብስቦ ለአንድ ሰው የሚሠራው ሥራ።

የሳምንቱ ሥራ

አያታችሁን ወይም አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። ለአያታችሁ «አንቺ» የምትሉ ከሆነ፦ «የተወለድሽበት ቤት ምን ይመስል ነበር?» በሉ። ለአክብሮት «እርስዎ» የምትሉ ከሆነ፦ «የተወለዱበት ቤት ምን ይመስል ነበር?» በሉ። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እየነገሯችሁ ሳሉት፤ ስሙን ሁሉ ጻፉበት። ፊደል ብትሳሳቱ ግድ የለም፤ የሚያርማችሁ አጠገባችሁ አለ።

ደህና ሰንብቱ።